ባዶና ዜሮ

ሰኞ ጠዋት ዝናብ፤ ፖርቶ ሞንት ላይ
ባሕሩ ከሰማዩ ሳይለይ ሲታይ፣
ኢሶሊና ገባች ካፖርቷን አራግፋ፣
እርጥብ ጃንጥላዋን ከበር ጥግ አስደግፋ።
ዓመትን በወራት እሷ አትከፍለውም፣
ሳምንት ነው ልኬቷ፣ ሌላውን አታውቅም፤
ዛሬ ሃያ ስምንተኛው ነው፤ አዲስ ገጽ ገልጣ
እርሳሷን ቀረጸች ወንበሯ ላይ ተቀምጣ።

ሥራዋ፣ ሲነግሩት፣ ሥራም አይመስልም፤
ስንት ሰው አተኮሰው? ስንቱ አሳለ? ስንቱ
ትንፋሽ እያጠረው ሌሊቱን አይተኛም?
ይህን ጠይቆ መጻፍ። በቃ። ሌላ የለም።
ነጥብ ትተክላለች ከነጥብ አስጠግታ፣
ከዚያ በቀይ መስመር ታያይዛለች ሰፍታ።
ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው፤ መስመሩ ሽቅብ ይላል፣
መስኮቱ ታሽጎ ሰው ምድጃ ይከባል።
ዳገት ነው ግራፉ፤ በእግሩ ማንም አይወጣ፣
ከሥሩ ያለው ግን ትንፋሽ ነው የሚያጣ።

ልክ በሦስት ሰዓት ሬዲዮው ይንጫጫል፣
ከየደሴቱ ላይ ድምፅ በድምፅ ይመጣል።
«ከኬልዊ፣ አሥራ ሁለት።»
«ከሳንታ ኤዱቪጅስ፣ አርባ አንድ፤ ሦስቱን በጀልባ እንልካለን፣
ማዕበሉ ከፈቀደ።»
ቀጥሎ ኔልባ ናት፣ የራስ ደሴቲቱ ነርስ፤
ኔልባ ዌንቴዎ፣ ወሬዋ የማይደርቅ፣ ሳቋ የማይመለስ።
እሷ ስትናገር ቁጥር ብቻ አትሰጥም፣
የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ጀልባ እንደሰጠም፣
«ሰባት ናቸው፣ ኢሶ፤ ስምንተኛው ዋሸኝ፣
ትምህርት ቤት ጠልቶ ነው ሳል የሳለብኝ።»

ዛሬ ግን ዝም አለ።
«ኔልባ? ይሰማሻል?»
ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ የሬዲዮው ሹክሹክታ፣
ሦስቴ ጠራቻት፤ ሦስቴም ያው ዝምታ።

ማታ አለቃዋ ዶን ኤራስሞ መጣ፣
መነጽሩን ጠርጎ ከግራፉ አፈጠጠ፤ ሳቅ አመጣ።
«ወረደልን!» አለ፣ «ይኸው ቁልቁለቱ!
ዜሮ ገባ ኔልባ ዘንድ፤ በረደ ትኩሳቱ!»
«ዜሮ አልጻፍኩም» አለች፣ «ባዶ ነው ሣጥኑ።»
«ምን ለየው?» አላት፤ ካፖርቱን ለበሰ፣ መሽቷል ቀኑ።
«ዜሮ ሰው ይፈልጋል፤ ደጅ ለደጅ የዞረ፣
'አንድም የለም' ብሎ ስሙን ያሰፈረ።
ባዶ ማንም አልፈረመው፤ ባዶ አፉን ይዞ
ወይ በጤና ያድራል፣ ወይ ያልቃል ተይዞ።»

(ይህን ስጽፍ እኔም አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤
የአባቶቼ ቁጥር ዜሮን አላስተማረኝ።
ከ፩ ይነሣል፣ እስከ ፼ ይወጣል፣
ለሌለው ምልክት ከየት ያመጣል?
ድሮ ጉድለት መስሎኝ አፍሬበት ነበር፤
አሁን ግን እንጃ፤ የጎደለ ሰው
ይፈለጋል እንጂ ይጻፋል እንዴ በቁጥር?)

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ማዕበሉ ጋብ አለ፤
ኢሶሊና ተሳፈረች፤ ማንም ሂጂ አላለ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድምጿን ነው የምታውቅ፣
ፊቷን አይታ አታውቅም፣ በአካል ሲያወራ፣ ሲስቅ።

የጤና ጣቢያው በር አልተቆለፈም።
ምድጃው አመድ ነው። መዝገቡ ክፍት ነው።
ሠላሳ ስምንት ስም በእርሳስ ተደርድሯል፣
ወደ ታች ሲወርድ ፊደሉ ይንጋደዳል፤
መጨረሻው መስመር፣ ከሁሉም የሳሳው፦
«ኔልባ ዌንቴዎ። ሃምሳ ስድስት ዓመት።
ትኩሳት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። ከቅዳሜ ሌሊት።»

ከጓዳ አልጋው ላይ ትንሽዬ ሴት ተኝታለች፣
ያን ሁሉ ድምፅ እንዴት እንደቻለችው እንጃ፣ ቀጭን ነች።
«ኢሶ፣ አንቺ ነሽ?» አለች፣ በከንፈሯ ብቻ።
«ሬዲዮው ድረስ ስምንት እርምጃ ነው፤ አቃተኝ እርምጃ።»
ኢሶሊና ውሃ አጠጣቻት፣ ግንባሯን ዳሰሰች፣
እርሳሷንም አወጣች፤ «ሠላሳ ስምንት» ልትል አሰበች።

ኔልባ ጣቷን አነሣች፣ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጎረቤት፤
«አርባ በዪው» አለች፣
«ሁለቱ ሲያስሉ ነው ያደሩት።»